ከሐዲስ ዓለማየሁ ጋር ከደብረ ወርቅ እስከ ዲማ በእግር፣ ያለ ብዙ ወሬ

የእግር መንገድ

ሰላም ወገኖች። አንድ ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ። ካለፉት ደራሲዎቻችን ከአንዱ ጋር አንድ ቀን በእግር መሄድ ብትችሉ ማንን ትመርጣላችሁ? በየት በኩልስ ትሄዳላችሁ? ቃለ ምልልስ አላልኩም። መቅረጫ የለም፣ ፎቶ የለም፣ መጽሐፍ ማስፈረም የለም። ዛፍና ወንዝ ባለበት ገጠር ቀስ ብሎ መሄድ ብቻ።

እኔ የምመርጠው ሐዲስ ዓለማየሁን ነው። መንገዱ ከደብረ ወርቅ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ወሩ ጥቅምት።

ለምን እሳቸውን? "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ብዙዎቻችን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ ሰምተነዋል። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ዘመድ ነው የምናውቃቸው። ስለ ደራሲው ስናወራ ግን አምባሳደርነታቸው፣ ሚኒስትርነታቸው ይቀድማል። ከዚያ ሁሉ በፊት እኚህ ሰው የቤተ ክህነት ተማሪ ነበሩ። ደብረ ማርቆስ አካባቢ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል። ያን ጊዜ ከደብር ደብር የሚያደርስ መኪና የለም። የቆሎ ተማሪ ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ የሚሆን ዱላ ይዞ፣ ደግ መምህር እያጠያየቀ ነው የሚሄደው።

ልብ ብላችሁ ካያችሁት ልብ ወለዱም በእግር የተሄደ ነው። የማንኩሳው ልጅ ዲማ የደረሰው በእግሩ ነው። ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ ከቤት የወጣችውም በእግሯ ነው። የአገሩን ርቀት በጉልበቱ የማያውቅ ሰው ያንን መጽሐፍ ሊጽፈው አይችልም ብዬ አምናለሁ።

ዝምታውን የፈለግሁበት ደግሞ ሌላ ምክንያት አለኝ። የቅኔ ተማሪ ቅኔ የሚቆጥረው፣ ማለትም በሐሳቡ የሚያዘጋጀው፣ ጓደኞቹ መሀል ተቀምጦ አይደለም። ለብቻው ይወጣል። አንዱ ወይራ ሥር፣ ሌላው ቋጥኝ ላይ፣ ሌላው ወንዝ ዳር ነጠላውን ተከናንቦ ይቀመጣል። በዚያ ሰዓት የሚያናግረው የለም። ከሩቅ ለሚያየው ሥራ የፈታ ይመስላል እንጂ የቀኑ ዋና ሥራ ያ ነው። ማታ መምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል፣ ይታረማል። በልጅነቱ እንደዚያ ዝም ማለትን የተማረ ሰው በመንገድ ላይ ዝምታ አያስጨንቀውም። እኔም አብሬ ዝም ማለት እፈልጋለሁ።

ጥቅምት ላይ የዚያን አገር መልክ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ኑጉ አብቦ ማሳው ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ነው። ጤፉ ገና አረንጓዴነቱ አልለቀቀውም፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይተኛና ይነሳል። ጠዋት ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። ቀጭኗ የእግር መንገድ በሁለት ማሳ መሀል ታልፋለች፤ ጤዛው ሱሪህን እስከ ጉልበት ያርሰዋል። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ጥያቄ አላዘንብባቸውም። የት ቆም እንደሚሉ፣ የትኛው ዛፍ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው እንደሚያዩ፣ የትኛዋ ወፍ ስትጮህ ቀና እንደሚሉ ማየት ይበቃኛል። ብዙ ቃለ ምልልስ ያልነገረኝን እሱ ይነግረኛል።

እስቲ እናንተስ?

ሙጋ ማዶ

የእግር መንገድ፣ ሐሳብህ ልቤን ነካው። ያገሬን መንገድ ነው የመረጥከው። ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ጎጃም ገጠር ውስጥ ዝም ብሎ መሄድ ቀላል አይደለም!

ሰው አይተህ ዝም ብለህ አታልፍም። ገበሬው ሞፈር ተሸክሞ ሲመጣ መንገድ ትለቅለታለህ፣ ቆመህ ሰላምታ ትሰጣለህ። "እንዴት አደራችሁ?" ብሎ አይበቃውም። ቤቱ፣ ከብቱ፣ ልጁ፣ የዘንድሮ ሰብል፣ ሁሉም ይጠየቃል። ከዚያ "ከወዴት ነው? ወዴት ነው?" ይመጣል። መልስ ሳትሰጥ ብታልፍ ወይ ተቀይመሃል ወይ ክፉ አስበሃል። ስለዚህ ጋሽ ሐዲስ በየመንገዱ ኮፍያቸውን እያወለቁ፣ ጎንበስ እያሉ ነው የሚሄዱት። ዝምታው የሚገኘው በአንዱ ሰላምታና በሚቀጥለው መሀል ነው። እሱም ቢሆን ሰፊ ነው፤ ከአንዱ መንደር እስከ ሌላው ረጅም ሜዳ አለ።

ደብረ ወርቅ ማርያም ኮረብታ ላይ ናት። ስትነሳ ቁልቁል ነው የምትወርደው። ዞር ስትል ጽዱና ወይራው ቤተ ክርስቲያኑን ከቦ ታየዋለህ። በእኛ አገር ትልቅ አሮጌ ዛፍ ማየት ያማረው ሰው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይሂድ። ሌላው ሁሉ ታርሷል ወይ ባሕር ዛፍ ሆኗል። ጋሽ ሐዲስ ያዩት ዋንዛና ብሳና ዛሬም ማሳ ዳር አልፎ አልፎ ቆሞ አለ። ዋንዛ ለጥላውም፣ ለፍሬውም፣ ለእንጨቱም ስለሚፈለግ ገበሬው ቶሎ አይቆርጠውም። እረኛ ሆኖ ያላደገ ሰው የዋንዛ ፍሬ ጣቱ ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ አያውቅም። እሳቸው ያውቁታል። አንዷን ለቅመው ቢቀምሱ አይደንቀኝም።

ብዕርተኛዋ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዝምታው አልስማማም። ሐዲስ ዓለማየሁን የሚያህል ሰው ቀኑን ሙሉ አጠገቤ አግኝቼ አፌን ዘግቼ ልሂድ? እንዴት ተደርጎ!

እኔ ስለ ጉዱ ካሳ እጠይቃለሁ። ያ ሰው የማኅበረሰቡን ሥርዓት ከሥሩ አይቶ፣ እውነቱን ፊት ለፊት ተናግሮ፣ ትርፉ እብድ መባል ነው። ስሙን ካሳ ዳምጤ ብሎ የሚጠራው የለም፣ "ጉዱ ካሳ" ነው። ደራሲው ግን ከማንም ይልቅ ለእሱ ነው አንደበት የሰጡት። ረጃጅሞቹን ንግግሮች የሚናገረው እሱ ነው። ይህንን ያደረጉት ራሳቸው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ባለሥልጣን ሆነው ነው። ልባቸው ከማን ጋር ነበር? ይህን ሳልጠይቅ ጥቅምት ላይ ኑግ ሲያብብ አይቼ ብመለስ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል።

የእግር መንገድ

ብዕርተኛዋ፣ ቁጭትሽ ይገባኛል። ግን አስቢው፤ ስለ ጉዱ ካሳ ይህን ጥያቄ በሕይወት ዘመናቸው ስንት ሰው ጠይቋቸዋል? እሳቸውም ያንኑ የለመዱትን መልስ ነበር የሚሰጡሽ። ደራሲ ስለ መጽሐፉ ሲጠየቅ የሚናገረው ብዙ ጊዜ የተዘጋጀ ነገር ነው። መንገድ ላይ ዝም ሲባል ግን ሰው ራሱ ሳይጠየቅ ይጀምራል። ወንዝ ልትሻገሩ ስትሉ ድንጋዩ ላይ ቆመው "እዚህ ጋ ልጅ ሆነን..." ብለው ቢጀምሩስ? ያንን ጠይቀሽ አታገኚውም።

ሃይድ ፓርክ ዳር

ከለንደን ነው የምጽፈው። ኤምባሲያችን ፕሪንስስ ጌት ላይ ነው፤ መንገዱን ከተሻገራችሁ ሃይድ ፓርክ ውስጥ ናችሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1950ዎቹ እዚህ አምባሳደር ነበሩ። "ፍቅር እስከ መቃብር" የታተመው 1958 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ ከተማ ከተመለሱ ብዙም ሳይቆዩ።

ለፓስፖርት ጉዳይ ወደዚያ በሄድኩ ቁጥር ፓርኩ ውስጥ ሳልገባ አልመለስም። ሁሌም የማስበው እሳቸውን ነው። ስለዚህ የእኔ ጉዞ ዲማ አይደለም፣ እዚሁ ነው። ኅዳር ላይ፣ ቅጠሉ ረግፎ መሬቱን ሲሸፍነው፣ ሐይቁ ዳር ዳሩን። ሰማዩ ዝቅ ብሎ ቤት የመሰለ ዕለት። ካፖርታቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ሲሄዱ ይታየኛል። ዓይናቸው ዳክዬዎቹ ላይ ነው፣ ልባቸው ጎጃም።

እኛ ውጭ የምንኖር ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን። ሰው አገሩን አጥርቶ የሚያየው ሲርቀው ነው። እዚያ ሳለሁ የአያቴ ቤት በር ወደየት እንደሚከፈት አስተውዬ አላውቅም ነበር። እዚህ መጥቼ ነው ንጋት ላይ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ፣ ምድጃው ላይ እንዴት እንደምታርፍ አንድ በአንድ የመጣልኝ። ያንን የሚያህል መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ለንደን መሀል ሲሄድ ዝም ቢል አይፈረድበትም። እኔም አላቋርጣቸውም። በዚህ ከየእግር መንገድ ጋር ነኝ።

የገባር ልጅ

ሁላችሁንም በፍቅር አነበብኳችሁ፤ ግን አንድ ነገር ከበደኝ። ኑጉ፣ ጤዛው፣ ወይራው... ሰውየውስ? ያንን ማሳ ያረሰው ሰውስ?

ሐዲስ ዓለማየሁ ገጠሩን ለውበቱ ብለው አልጻፉትም። የፊታውራሪ መሸሻን ገበሬዎች አስታውሱ። ግብሩ አልበቃ ብሎ ተጨማሪ ሲጫንባቸው እምቢ አሉ። አበጀ በለው ከፊት ሆነ። ያ አመፅ ለእኔ ከፍቅሩ ታሪክ እኩል የመጽሐፉ ልብ ነው። ዘመኑንም አስቡ። "መሬት ላራሹ" የሚለው የተማሪዎች ሰልፍ የወጣው የካቲት 1957 ዓ.ም. ነው። ልብ ወለዱ በቀጣዩ ዓመት ታተመ። ገና ባላባቱ ከነሙሉ ክብሩ በተቀመጠበት ዘመን ማለት ነው።

አያቴ ገባር ነበሩ። ለእሳቸው ያ ሜዳ ማየት የሚያስደስት መልክዓ ምድር አልነበረም። ማነው የሚያርሰው፣ ማነው የሚወስደው የሚባልበት መሬት ነበር። እኔ ከጋሽ ሐዲስ ጋር ብሄድ ከአንድ ገበሬ አጥር ሥር ቁጭ ብለን፣ የባቄላ እሸት እየበላን፣ ገበሬው ሲያወራ እሳቸው ሲያዳምጡ ማየት እፈልጋለሁ። እንደሳቸው የሚያዳምጥ ደራሲ ባይሆን ኖሮ የዚያን ሕዝብ አነጋገር እንደዚያ አድርጎ አይጽፈውም ነበር። እኔም ዝምታ እፈልጋለሁ። የእኛ የሁለታችን ዝምታ፣ ገበሬው እንዲናገር።

የእግር መንገድ

የገባር ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህ መባል ነበረበት። መንገዱ ላይ እሸት መብላቱን ገብቼበታለሁ።

የሶር ልጅ

እኔ ሌላ ሰው ላምጣ። በዓሉ ግርማ። የኢሉባቦር ልጅ ነው፣ የሱጴ። እኛ አገር ነው የተወለደው ብዬ ስናገር ዛሬም ደስ ይለኛል።

ልብ ወለዱ "ኦሮማይ" 1975 ዓ.ም. ወጣ፣ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አልታወቀም። መቃብር የሌለው ደራሲ ነው። ስለዚህ እኔ የምወስደው ማንም ከኋላ የማይከተለው መንገድ ላይ ነው።

ከመቱ ወደ ሶር ፏፏቴ የሚወስደው ጫካ። ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ ቡናው ማንም ሳይተክለው ራሱ በቅሎ። እዚያ ሰማይ እንደ ልብ አይታይም። ብርሃኑ ቅጠል ቅጠሉን አልፎ ቁርጥራጭ ሆኖ ነው መሬት የሚደርሰው። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ጥቁርና ነጭ ጠጉሩ ይበተናል። ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ይሰማል። መጀመሪያ ነፋስ ይመስልሃል፣ እየቀረብክ ስትሄድ መሬቱ ራሱ የሚናገር ይመስላል፣ ከዚያ ፊትህ ላይ ርጥበት ይመጣል።

በዓሉ ጋዜጠኛ ነበር። ኑሮው ቢሮ፣ ሲጋራ፣ የሕትመት ቀን፣ የከተማ ሰው ወሬ። አንድ ቀን እንኳ ማንንም ሳይጠብቅ፣ በር ሲንኳኳ ሳይደነግጥ፣ የልጅነቱን ጫካ ቢሄድ ብዬ እመኛለሁ። ምንም አልጠይቀውም። "ያን ቀን ምን ሆነ?" ብዬ እንኳ አልጠይቀውም። ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ቁጭ ይበል፣ እስኪበቃው።

ብዕርተኛዋ

የሶር ልጅ፣ ለበዓሉስ እኔም ዝም እላለሁ።

ከናፖሊ

ጣሊያን ነው የምሠራው። የጋሽ ሐዲስ ነገር ሲነሳ ማለፍ አልቻልኩም።

በወረራው ጊዜ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ተዋግተው፣ ተማርከው ወደዚህ አገር መጡ። ሰባት ዓመት ገደማ እስረኛ ነበሩ፤ ፖንዛና ሊፓሪ ደሴቶች ላይ። የተባበሩት ኃይሎች እስኪያስፈቷቸው ድረስ ማለት ነው። ታሪክ ደግሞ የራሷ አካሄድ አላት። ሙሶሊኒ ሥልጣኑን ሲያጣ፣ በ1935 ዓ.ም. ክረምት፣ ከታሠረባቸው ቦታዎች አንዱ ያው ፖንዛ ነው።

ከናፖሊ አቅጣጫ በጀልባ ፖንዛ ይደረሳል። አንድ ፀደይ ላይ ሄጄ ነበር። ደሴቷ ጠባብ ናት። ቁጥቋጦውና ቁልቋሉ ቋጥኙ ላይ ተጣብቆ ይበቅላል። ገደሉ ነጭ ነው፣ ባሕሩ ሰማያዊ። ለሽርሽር የመጣ ሰው ሁሉ ያደንቃል። እኔ ግን እንደ እሳቸው ሆኜ ለማየት ሞከርኩ። በየት በኩል ብትሄድ ትንሽ ቆይተህ ውሃ ላይ ነው የምትቆመው። ከደብር ደብር፣ ከቆላ ደጋ በእግሩ ሲሄድ ለኖረ ወጣት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የጎጃም ሰው መንገድ ሲያልቅበት!

ስለዚህ የእኔ ምኞት ያንን መመለስ ነው። በዚያ ዘመን ፖንዛ ላይ ከእሳቸው ጋር መሄድ አይደለም። ከተፈቱ በኋላ፣ ማንም "ከዚህ አትለፍ" በማይልበት አገር፣ እስኪደክማቸው ድረስ አብሬያቸው መሄድ። የዲማውን መንገድ የመረጠው ሰው ሳያስበው ትክክለኛውን መርጦላቸዋል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል

ሰላም። ባሕር ዳር ተማሪ ነኝ። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ከፊሉን በትረካ ሰምቼዋለሁ እንጂ አላነበብኩትም። ሁለት ጥያቄ አለኝ። መጽሐፉን በዚህ ዓይን፣ ማለትም መንገዱንና አገሩን እያየሁ ማንበብ ብፈልግ የት ላይ ልብ ልበል? ሌላው፣ በእርግጥ ያንን መንገድ አሁን መሄድ ይቻላል?

ሙጋ ማዶ

ወንድሜ ወይም እህቴ፣ ሁለተኛውን እኔ ልመልስ። አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ በዚያ አካባቢ ለሽርሽር በእግር ውጡ ብዬ አልመክርም። እኛም የአገሩ ልጆች እንደ ልባችን አንሄድበትም። ሰላም ሲወርድ እኔው ራሴ አስጎበኛለሁ፣ ቃሌ ነው።

ሰላም ሲሆን ደግሞ ዲማ ላይ አናበቃም። ጮቄ ተራራ እንወጣለን። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ጨሞጋም ሙጋም ሌሎችም ከእሱ ይነሱና ዓባይ ይገባሉ። አናቱ አካባቢ ጅባራ አለ። ሰው ቁመት የሚያልፍ ተክል ነው፤ ብዙ ዓመት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ይቆያል። ከዚያ መሀሉን ሰንጥቆ አንድ ረጅም አበባ ያወጣል። አንድ ጊዜ አብቦ፣ ዘሩን በትኖ፣ ይሞታል። ጉም መሀል ጅባራዎቹ ተራ በተራ ብቅ ሲሉ ሰው ቆሞ የሚጠብቅህ ይመስልሃል።

እስከዚያው አንተ ወይም አንቺ ባሕር ዳር ስለሆናችሁ ሁኔታውን ጠይቃችሁ ዘጌን እዩት። ከጫካው ሥር ቡናው፣ መሀል መሀሉን ገዳማቱ። ስልካችሁን አጥፉ። በሶ ያዙ።

የእግር መንገድ

የመጀመሪያውን እኔ። መጽሐፉን ስታነብ ሰዎቹ ከቤት ሲወጡ ልብ በል። ማን ነው በበቅሎ የሚሄደው? ማን ነው በእግሩ? ማን ነው ሲጓዝ አጃቢ ያለው፣ ማን ነው ብቻውን? ፊታውራሪ መሸሻ ከግቢያቸው እንዴት ነው የሚወጡት፣ በዛብህስ? የዚያን ዘመን ሥርዓት ሁሉ መንገድ ላይ ታገኘዋለህ። ከዚያ ሌሎቹን ልብ ወለዶች፣ "ወንጀለኛው ዳኛ"ንና "የልምዣት"ን ቀጥል። የራሳቸውን የሕይወት ታሪክ ደግሞ "ትዝታ" ላይ ታገኘዋለህ።

ብዕርተኛዋ

ከትናንት ጀምሮ ስከራከራችሁ ቆየሁ። አሁን አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ወጉን የጀመረው ሰው ራሱ ነው ያቀበለኝ።

የቅኔ ተማሪ ቀን ዝም ብሎ ይቆጥራል፣ ማታ መምህሩ ፊት ይናገራል ብለሃል። እንግዲያውስ እንዲያ እናድርገው። ቀኑን ሙሉ ዝም። የኑጉም፣ የዋንዛውም፣ የገበሬውም ሰዓት ይሁን። ዲማ ስንደርስ፣ እሳት ዳር ስንቀመጥ ግን እኔ አልጠይቃቸውም። በመንገዱ ያሰብኩትን እኔ ነኝ የምናገረው። ስለ ጉዱ ካሳ ያለኝን ሐሳብ አንድ በአንድ፣ ሳልፈራ። ልባቸው ከእሱ ጋር ነበር ብዬ የማምንበትን ምክንያት ሁሉ እደረድራለሁ። እሳቸው እንደ የኔታ ያርሙኝ። የተሳሳተውን "አይ ልጄ" ይበሉኝ።

ይህን ካገኘሁ ቀኑን ሙሉ ዝም እላለሁ። ጫማዬንም አዘጋጃለሁ፤ ሙጋ ማዶ፣ ቃልህን እንዳትረሳ።

ሙጋ ማዶ

አልረሳም። አንቺ ግን ጫማውን አሁን ገዝተሽ ቤት ውስጥ ተላመጂው። ያ ቁልቁለት አዲስ ጫማ አይወድም።